ጎታታው

እኔ መጠበቅ አልችልበትም። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስመጣ ሚኒባሱ እስኪሞላ መቀመጥ ያንገበግበኛል፤ ወርጄ በእግሬ የጀመርኩበት ቀን ሁሉ አለ። ሰው ወሬ ሲጀምርልኝ መጨረሻውን ቀድሜ እነግረዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም እሳሳታለሁ። ባለቤቴ ስንዱ «አንተ እኮ ለገዛ ቀብርህም ቀድመህ ትደርሳለህ» ትለኛለች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ዕድሜዬን ሙሉ ሲተርቱብኝ ኖሬያለሁ። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

የምጽፈው ስለ አንድ ሰው ነው። ሰውአገኝ ይባላል፤ በዚህ ስም ብትጠይቁ ግን ከትክል ድንጋይ እስከ ጎንደር የሚያውቀው የለም። የሚታወቀው በስድብ ነው። ያ ስድብ መጀመሪያ ቅጽል ስሙ ሆነ፤ ቀጥሎ የብዕር ስሙ ሆነ። በመጨረሻ የሆነውን ደግሞ በዓይኔ በብረቱ አይቼ እንኳ፣ ባሰብኩት ቁጥር ሰውነቴን ይነዝረኛል።

ዝግባ ሚካኤል ከትክል ድንጋይ በላይ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስወጣ ዳገት ጫፍ ላይ ነው። እዚያ የኔታ ሐብተ ማርያም ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው፤ ምላሳቸው እንደ ሳማ ይለበልባል። ሠላሳ ያህል ተማሪዎች ነበርን። ከየመንደሩ ለምነን የምንበላ፣ በየጎጆው ሦስት ሦስት ሆነን የምናድር።

ቅኔ ቤት ያልገባ ሰው ቅኔ ከመጽሐፍ የሚጠና ይመስለዋል። አይደለም። ቅኔ በየቀኑ አዲስ ነው። ጠዋት የኔታ መንገዱን ያሳዩናል። ከዚያ ሁሉም ወደ ሜዳው ይወጣና አንዱ ከዛፍ ሥር፣ አንዱ ከገደሉ አፋፍ ተቀምጦ ጋቢውን ተከናንቦ የራሱን ቅኔ በልቡ እየገጠመ ይቆጥራል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልሶ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያርማሉ፣ ይሰድባሉ፣ አልፎ አልፎም ይመርቃሉ። ትናንት ያልከውን ዛሬ አትደግመውም። የተባለ ቅኔ እንደ ተበላ እህል ነው፤ አለቀ።

እኔ በቀን አምስት ጉባኤ ቃና እነግር ነበር። ጉባኤ ቃና ሁለት ስንኝ ብቻ ያላት፣ የቅኔዎች ሁሉ ታናሽ ናት። ከአምስቱ አራቱን የኔታ «ትፋው» ይሉኛል። ሰውአገኝ ግን በሦስት ቀን አንድ ይዞ ይመጣል። ከደንቢያ፣ ከቆላ ድባ አካባቢ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ እጁ ሰፊ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል እኛ «የሰውአገኝ እንቁላል ግን ገና ዶሮዋ አልተገዛችም» እያልን እንስቅበት ነበር። «ሰውአገኝ፣ ውሃ ቀድተሃል?» ብትለው መጀመሪያ አንተን ያይሃል፤ ከዚያ እንስራውን ያያል፤ ከዚያ «አዎ» ይላል። ስትጠራው እንኳ «አቤት» የሚልህ የጠራህበትን ነገር ከረሳህ በኋላ ነው። ውሸት ሲናገር ግን ሰምቼው አላውቅም። ለውሸት ፍጥነት ያስፈልጋል።

ያቺ በሦስት ቀን የምትመጣው አንዲቷ ግን ሌላ ነገር ነበረች። የኔታ ሲሰሟት ጢማቸውን የሚያፍተለትለው እጃቸው ቀጥ ይላል። አያርሟትም። «ሂድ» ብቻ ይሉታል። እኔ ከነአምስቱ አንድ ቀን «ሂድ» ተብዬ አላውቅም። ቀናሁበት። ይህንንም አሁን መደበቅ አልፈልግም።

ኅዳር ሚካኤል እሑድ በዋለበት ዓመት የኔታ ሰውአገኝን ጠርተው «መወድሱን አንተ ትላለህ» አሉት። መወድስ ስምንት ስንኝ ነው፤ በሊቃውንትና በሕዝብ ፊት ቆሞ ማለት ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው። በእኛ ደብር ባለቅኔው ቅኔውን ራሱ አያዜምም። አጠገቡ አንድ ባለ ድምፅ ይቆማል፤ ተቀባይ ይባላል። ባለቅኔው ስንኙን በጆሮው ሹክ ይለዋል፤ ተቀባዩ እየተቀበለ ለሕዝቡ ያዜማል። ስለዚህ አንድ ነገር ቢበላሽ በማን እንደተበላሸ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ድምፄ ሸጋ ነው ይባል ስለነበር ተቀባዩ እኔ ሆንኩ።

ሰውአገኝ ጀመረ። አንዱን ስንኝ ሹክ ይለኛል፤ አዜማለሁ። ይቆያል። ሁለተኛውን ሹክ ይለኛል፤ አዜማለሁ። ሰባት ስንኝ ሙሉ ቅዱስ ሚካኤልን ከአንድ ያዘነ ሰው ደጅ ላይ አቆመው። ክንፉ ታጥፎ፣ ሰይፉ ከሰገባው ገብቶ፣ እንደ ማንም ደጅ ጠኚ። እያዜምኩ የገዛ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ፀጥ አሉ። ሴቶቹ በወዲያ በኩል ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። የቀረው ስምንተኛው ነው፤ ሁሉን የሚዘጋው።

ሰውአገኝ ዝም አለ።

ጠበቅኩ። አንድ ሰው ኡህ ኡህ ብሎ ሳለ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚያስደግም ያህል ቆየ። ሕዝቡ የሚያየው እኔን ነው። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ስንኙ በምን ፊደል እንደሚመታ አውቀዋለሁ፤ ስንት ቃል እንደሚበቃው አውቀዋለሁ። ዘወር ብዬ አየሁት፤ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው። አላስቻለኝም። የራሴን ስምንተኛ ገጥሜ አፌን ከፈትኩ።

ቤቱ መታ። ልኩም ሞላ። ነገር ግን ሰውአገኝ ሰባት ስንኝ ሙሉ ከደጅ ያቆመውን መልአክ እኔ በስምንተኛው ክንፉን ዘርግቼ አበረርኩት። ያዘነው ሰው ብቻውን ቀረ። ከሊቃውንቱ መሐል አንዱ ፈገግ አለ፤ ሌላው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ቅዳሴው ሲያልቅ የኔታ በሕዝብ ፊት መቋሚያቸውን መሬት እየመቱ መጡ። የመጡት ወደ ሰውአገኝ ነበር።

«ጎታታ!» አሉት። «ሰባቱን ጎትተህ ጎትተህ አምጥተህ ስምንተኛዋን ገደል ትከታት? ያን ያህል ያስጠበቅኸን ለዚህ ነው? ጎታታ!»

ሰውአገኝ እኔን አየኝ። አሁን ይናገራል ብዬ ዓይኔን ሰበርኩ። እሱ ግን ወደ የኔታ ዞሮ ጎንበስ አለና «ይቅር ይበሉኝ» አለ። እኔም ዝም አልኩ። በሕይወቴ ዝም ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በማይገባው ቀን።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግሥቱ ሠላሳችንም ጎታታ እንለው ነበር። ከሁሉ ጮክ ብዬ የምጠራው እኔ ነበርኩ፤ የበደለ ሰው ድምፁ ከፍ ይላል። በሳምንቱ የመንደሩ ሴቶች ቁራሽ ሲሰጡት «ይኼው ጎታታው መጣ» ማለት ጀመሩ። እሱ ለሁሉም «አቤት» ይላል፤ እንደ ልማዱ ቆይቶ። ፊቱ ላይ ቂም ፈልጌ አጣሁ። ቂም ቢኖረው ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ጥሎ ሄደ። ሳያስመሰክር። ማስመስከር ማለት መምህሩ በጉባኤ ፊት ቆሞ በገዛ አፉ «ይህ ልጄ በቅቷል፤ ያስተምር» ሲልለት ነው። ያለዚያ የቱንም ያህል ብታውቅ ወንበር አይሰጥህም፤ የእገሌ ተማሪ ነኝ ብለህ ስምህን ከስማቸው ጋር አታነሣም። የኔታ ለጥቂት ቀን «ያ ልጅ የት ገባ?» እያሉ ጠየቁ። ከዚያ መጠየቁን ተዉት።

እኔም ብዙ አልቆየሁም። ጎንደር ወርጄ ኮምፒዩተር ተማርኩና ፒያሳ አጠገብ የጽሕፈት ሥራ ቤት ከፈትኩ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ የሠርግ መጥሪያ አትማለሁ። ለቸኳይ ሰው ሸጋ ሥራ ነው።

አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ጎልማሳ ቄስ ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጥተው፣ «የጎታታውን የዚህ ወር ሰምተኸዋል?» አሉኝ።

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። «የማንን?»

«ቴሌግራም ላይ ያለውን ነዋ! ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በወር በወር፣ በሚካኤል ዕለት አንድ ቅኔ ይለቃል። ስሙ ጎታታው ነው።» ስልካቸውን አውጥተው ከፈቱልኝ።

ምንም አልተሰማም። ስልኩ ተበላሽቶ መስሎኝ ልነካው ስል ቄሱ እጄን ያዙኝ። «ቆይ እንጂ! እንዲህ ነው የሚጀምረው።» ዝምታ ነበር፤ ከዝምታው ኋላ ነፋስ ይሰማል፣ ሩቅ የሚሄድ መኪና ይሰማል። አንድ ደቂቃ ያህል ሆነ። ከዚያ ያ ዝግ ያለ ድምፅ መጣ። ስለ አልዓዛር ነበር። ጌታ አራት ቀን የዘገየው መንገዱ ርቆበት አይደለም፤ ማርታ አልቅሳ እስክትጨርስ ነው ይላል፤ በአማርኛ ስናገረው ሟሸሸ እንጂ። ቄሱ አማተቡ። እኔ ፊቴን ወደ ማተሚያው አዞርኩ።

ተከታዮቹን አየሁ፤ ሠላሳ ሺህ አልፈዋል። ሊቃውንቱ ከታች እየጻፉ ይከራከራሉ። አንዱ የጎጃም ሰው ነው ይላል፤ ሌላው የለም፣ የዋድላ ነው ይላል። የሞተ መነኩሴ ድምፅ ነው ያለም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን «ይህ ሰው ምነው ዝምታውን ቆርጦ አይለቅም?» ብለው ያማረሩ ሰዎች፣ በኋላ ዝምታዋ ያጠረች ወር «ምነው ዛሬ ቸኮልክ?» እያሉ ይጽፉለት ጀመር። ኔትወርክ ለወራት የጠፋ ጊዜ ሰዉ ሁሉ ሌሎቹን ቻናሎች እየተወ ሲሄድ የጎታታው ተከታዮች ንቅንቅ አላሉም። መጠበቅ አስተምሯቸዋል። ሠላሳ ሺህ ሰው መጠበቅ ያስተማረ ሰው ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ሦስት ሳምንት ፈልጌ አገኘሁት። አዘዞ፣ ገና ያላለቀ ሕንፃ ላይ ጥበቃ ነበር። ከአሸዋ ክምር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጢሙ ያለ ዕድሜው ሸብቷል። ሲያየኝ ቆየና ተነሥቶ አቀፈኝ።

«ዋኘው» ብሎ በስሜ ጠራኝ።

ልናገረው የመጣሁትን አፌ እንቢ አለኝ። በምትኩ «ምነው በዚያ ስድብ ትጠራለህ?» አልኩት። «ስንት ሸጋ ስም ሞልቶ!»

አሸዋውን አየ። ሕንፃውን አየ። እንደ ድሮው ላቋርጠው ምላሴ በላኝ፤ እንደምንም ታገሥኩ።

«አልተመሰከረልኝም» አለ። «በስማቸው አልጠራ፣ ተማሪያቸው ነኝ አልል። ከየኔታ አፍ የተቀበልኩት እሱን ብቻ ነው።»

ወደ ፒያሳ በእግሬ ተመለስኩ። ሚኒባስ ላለመጠበቅ አልነበረም፤ ሰው እንዳያየኝ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ዓይናዲስ ደወለችልኝ። ዓይናዲስ የየኔታ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ አብራቸው የምትኖር። «አባየን ስትሮክ ከመታቸው ሦስት ወር ሆነ» አለችኝ። «አእምሯቸው ደኅና ነው። አፋቸው ነው የተያዘ። ተማሪው እየተበተነ ዘጠኝ ብቻ ቀረ። አለቃ ማሩ የፊታችን እሑድ የድሮ ተማሪዎችን ሁሉ ሰብስበው ወንበሩን የሚወርስ ይጠራ ብለዋል። በገዛ አፋቸው ነው መጥራት ያለባቸው አሉ። እሑድ ካልተጠራ ጉባኤ ቤቱ ይዘጋል።»

አለቃ ማሩ የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥርዓት ይወዳሉ እንጂ። በልባቸው የያዙት የድሮውን ተማሪ ምናለን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ምናለ ከእኛ ሁሉ ፈጣኑ ነበር፤ የተመሰከረለት፣ ጎንደር ላይ ሦስት ደብር የሚሻማበት።

እኔ አዘዞ ሄጄ ሰውአገኝን ይዤ መጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ዳገቱን ወጣን። የኔታ ቤት ስንገባ እሳቸው መደብ ላይ ትራስ ተደግፈው፣ አለቃ ማሩና ሌሎች ሦስት የድሮ ተማሪዎች ከበዋቸው ነበር።

«ው…» አሉ የኔታ።

«ውሃ!» አሉ አለቃ ማሩ። ዓይናዲስ ውሃ አቀረበች። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ።

«ው…»

«ወደ ውጭ ልናወጣዎት?» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ከገባሁ ገና አልተቀመጥኩም።

በጤነኛው እጃቸው ጣሳውን ገፉት። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ያ ሳማ ምላስ፣ ሠላሳ ተማሪ ያንቀጠቅጥ የነበረ ሰው! ዓይናዲስ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ነው» አለችኝ። «እሳቸው ሳይጨርሱ ሁሉም ይጨርስላቸዋል። አሁን አሁንማ መጀመሩንም ትተውታል።»

ሰውአገኝ ወለሉ ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። ምንም አላለም። ፊታቸውን እያየ ተቀመጠ። አለቃ ማሩ ሰዓታቸውን አዩና ወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። በበሩ የገባችው ፀሐይ ከመደቡ ሥር ተነሥታ ምሰሶው ድረስ ሄደች። እኔ ጥፍሬን በላሁ። ሁለት ጊዜ ልናገር ብዬ ሁለቱንም ጊዜ ዓይናዲስ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«በ…» አሉ የኔታ።

ሰውአገኝ ዝም።

«በ…ላ…»

ሰውአገኝ ዝም።

«በላህ?»

«አልበላሁም፣ የኔታ» አለ።

ዓይናዲስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሦስት ወር ውስጥ ከአባቷ አፍ ያለቀ ቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎታታ ስንለው የኖርነው ሰው፣ እኛ ፈጣኖቹ የዘጋነውን በር ዝም ብሎ በመቀመጥ ከፈተው።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ከደብሩ ዝግባ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ሕዝቡ በዙሪያ ቆሟል፤ ዘጠኙ ተማሪዎች ከፊት ተቀምጠዋል። የኔታን ደግፈን ወንበራቸው ላይ አስቀመጥናቸው።

አለቃ ማሩ ተነሡ። «የኔታ፣ ጉባኤውን ለማን ይሰጣሉ? ለምናለ ይሁን?»

የኔታ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ጤነኛ እጃቸውን አንሥተው በጣታቸው ሰውአገኝን አመለከቱ። ሕዝቡ አጉረመረመ።

«ይህማ እንዴት ይሆናል?» አሉ አለቃ ማሩ፤ ድምፃቸው ውስጥ ንቀት አልነበረም፣ ጭንቀት እንጂ። «አልተመሰከረለትም። ደግሞ በዚሁ ደብር በሚካኤል ዕለት መወድሱ ፈርሶበት የሄደ ነው። ሁላችን ሰምተናል። በሽታው አድክሟቸው ይሆናል እንጂ…»

በዚያች ሰዓት ካልተናገርኩ እስከ ዕለተ ሞቴ እንደማልናገር ገባኝ። ተነሣሁ።

«ስምንተኛዋ የእኔ ናት» አልኩ። «ሰባቱ የእሱ ናቸው። ስምንተኛዋን አልነገረኝም ነበር። መጠበቅ አቅቶኝ ከራሴ ጨመርኳት። መልአኩን ያበረርኩት እኔ ነኝ። የኔታ ሲሰድቡት ሰምቼ ዝም አልኩ።»

የዝግባው ቅጠል ሲንሿሿ ይሰማ ነበር። ምናለ አንገቱን ደፋ። ያን ቀን በሳል ሳቁን የሸፈኑት መሪጌታ እዚያው ነበሩ፤ ግንባራቸውን መቋሚያቸው ላይ አሳረፉ። ሰውአገኝን ለማየት አልደፈርኩም። የኔታን አየሁ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እኔን ሳይሆን እሱን ያዩ ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ስ…»

አለቃ ማሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰውአገኝ እጁን አነሣ። «ይጠብቁ» አለ በቀስታ።

ጠበቅን።

«ስም…ን…ተኛ…ዋስ?»

ስምንተኛዋስ! ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ቅኔውን እንዲጨርስ ጠየቁት። ሰውአገኝ ተነሣና ከወንበራቸው ፊት ቆመ። ከዚያ ዞሮ እኔን ጠራኝ። ተቀባይ ይፈልጋል። እኔን! ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ፤ ጆሮዬን ሰጠሁት።

ዝም አለ። ዓይኑን ወደ ዝግባው ጫፍ አነሣ። ሕዝቡ እንደ ያኔው የሚያየው እኔን ነው። ላቤ እንደ ያኔው ወረደ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት አለፈ። ሁለት አለፈ። ከኋላ አያ ወንዴ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ «ምነው ዝም አለ?» ሲሉ አንዲት ሴት «ዝም በሉ አያ፣ እየመጣ ነው» አለቻቸው። ምላሴን ነክሼ ያዝኩ፤ ደሙ ጨው ጨው አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ሆነልኝ። ጥድፊያው ከላዬ ወረደ። ዳገቱ፣ ዛፉ፣ ሰዉ፣ ሁሉም አብሮኝ ቆመ። እግዚአብሔር ይመስክርብኝ፣ በዚያች ዝምታ ውስጥ ዓመት ብቆም አይሰለቸኝም ነበር።

ትንፋሹ ጆሮዬን ነካኝ። ሹክ አለኝ። ተቀብዬ አዜምኩ። ግእዙን አልደግመውም፤ የተባለ ቅኔ አለቀ። ፍቺው ግን ይህ ነው፦ ከደጅ የቆመውን ዘገየ አትበሉት፤ የዘገየው በሩ ነው።

ማንም እልል አላለም፤ ማንም አላጨበጨበም። አለቃ ማሩ ጥምጣማቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። የኔታ እንባቸውን ሳይጠርጉ መቋሚያቸውን ወደ ሰውአገኝ ዘረጉ። ሊናገሩ ነው። አሁን እጅ ማንሣት አላስፈለገም፤ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ እኔም ጭምር፣ ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅናቸው።

«የ…ኔ…ታ» አሉ።

የኔታ የሚባሉት እሳቸው ነበሩ። በዚያ ዳገት ሌላ የኔታ አልነበረም። ዐረፉ፤ ምራቃቸውን ዋጡ። ለሁለተኛው ቃል አፋቸው ለብዙ ጊዜ ታገለ፤ እኛም የትም አልሄድንም።

«ጎ…ታታ።»

ሰውአገኝ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ቅጽበት አልቆየም።

«አቤት!» አለ።